ከእማዬ ጓሮ፦ ቤት ስሠራ የተማርኳቸው ቃላት ማስታወሻ

ጥቅምት 16፣ 2017 ዓ.ም.

ቢሾፍቱ፣ እማዬ ግቢ። ዛሬ ለቤቱ የመጀመሪያውን ብር አወጣሁ። ለፎቶ ኮፒ። ካርታውን አሥር ቦታ አባዢው ያለኝ የሠፈራችን ደላላ ነው። አልተሳሳተም፤ ስድስቱ በአንድ ቀን አለቁ።

ዕቅዱ ትንሽ ነው። ከጭቃ ቤቱ ጀርባ ሦስት ክፍል፣ ማድ ቤትና ሽንት ቤት። እማዬ ማታ ወደ ውጭው ሽንት ቤት ስትሄድ ሁለት ጊዜ ከወደቀች በኋላ ነው የቆረጥኩት። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ እየሠራሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። ስለ ግንባታ የማውቀው ቤት የጀመረ ሰው እንደሚከሳ ብቻ ነው። ስለዚህ የማላውቀውን ቃል ሁሉ እዚህ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። አጠገቡ ደግሞ ያስከፈለኝን።

የመጀመሪያው ቃል ካርታ። የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ቦታው የማን እንደሆነ፣ ስንት ካሬ እንደሆነና ከማን ጋር እንደሚዋሰን ይናገራል። ካሬ ሲባል ካሬ ሜትር ማለት ነው። ካርታ ሳይኖረው የተሠራ ቤት "የጨረቃ ቤት" ይባላል፤ ማታ በጨረቃ ተሠርቶ ጠዋት ቆሞ ስለሚገኝ።

የእማዬ ካርታ ላይ "ነባር ይዞታ" የሚል አለ። ቦታውን አባዬ የተመራው በደርግ ጊዜ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ፣ ለመኖሪያ ቤት ከ500 ካሬ ያልበለጠ ቦታ ፈቀደ። የእኛ 320 ነው። ሊዝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሊዝ የተያዘ ቦታ ዋጋም የጊዜ ገደብም አለው፤ በ2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው የሰጠው። ደላላ "ካርታ አለው" ሲል ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት "ነባር ነው ሊዝ?" ነው። ሊዝ ከሆነ ደግሞ "ስንት ተከፍሎ ስንት ቀረ?"

አንድ ነገር ደግሞ ገረመኝ። ሁላችንም "መሬት ገዛሁ" እንላለን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። ለካ ለዚህ ነው የሽያጭ ውል ላይ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል እንኳ "ቤት" ተብላ በክብር የምትጻፈው።

ኅዳር 7

የወረቀት ሳምንት። የቢሮው ቅጽ በአፋን ኦሮሞ ነው፣ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ አንድ በአንድ አስሞላችኝ። ቡና ልጋብዛት ብል እምቢ አለች።

ሁለት ቃል ተምታቶብኝ አንድ ቀን አባከንኩ። የፕላን ስምምነት ሌላ፣ የግንባታ ፈቃድ ሌላ። የመጀመሪያው "እዚህ ቦታ ላይ ይህን መሥራት ይቻላል ወይ?" ለሚለው መልስ ነው። ሁለተኛው "ያመጣሽው ንድፍ ይሠራል ወይ?" ለሚለው። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ ፈቃድ አገኘሁ ብዬ ለእማዬ ደወልኩ። እልል አለች። ማታ ደግሞ ገና ነው ብዬ ደወልኩ።

በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ሕንፃን ሁሉ በሦስት ምድብ ከፈለ። የእኔ ምድብ "ሀ" ነው። ባለ አንድ ወለል ሆኖ በሁለት ኮንክሪት ቋሚዎች መሐል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ወይም ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ እዚህ ይገባል። ከፍታው ከ12 ሜትር ሲያልፍ ወይም ብዙ ሰው የሚገባበት ሲሆን "ሐ" ነው። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር ወረቀቱም የባለሙያው ዓይነትም ይበዛል።

ንድፉ ላይ "ጂ+0" ይላል። ጂ መሬት ላይ ያለው ወለል ነው፤ ከላዩ የሚደረበው በቁጥር ይጨመራል። ጂ+1 የሚባለው እንግዲህ ሁለት ወለል ነው። ለእማዬ ሳስረዳ ቆይታ "ዜሮ ቤት ነው የምትሠሪልኝ?" አለች።

ኅዳር 14

ካቦው መጣ። ካቦ የግንበኞቹና የቀን ሠራተኞቹ አለቃ ነው። ሃምሳ አምስት አካባቢ ይሆናል፣ ሲያወራ እያንዳንዷን ቃል ይመዝናል።

"ልጄ፣ በእጅ ነው በሙሉ?" አለኝ።

"በእጅ ካልሆነ በምን ይሠራል፣ ጋሼ?" አልኩ።

ሠራተኞቹ እስኪሰሙ ሳቀ። የእጅ ዋጋ ማለት እሱ ጉልበትና ሙያ ያመጣል፣ ዕቃውን እኔ አቀርባለሁ ማለት ነው። በሙሉ ሲባል ዕቃውም በእሱ ነው። ሁለተኛው ራስ ምታት ይቀንሳል፤ ግን ስንት ሲሚንቶ እንደገባ የምታየው ቤቱ ሲሰነጠቅ ነው። በእጅ ተስማማን።

ክፍያውም ሦስት ዓይነት ነው። በቀን፣ በቁርጥ፣ በካሬ። በቀን ሲሆን ሥራው ይንቀራፈፋል። በቁርጥ ሲሆን ይጣደፋል። እኛ ቁፋሮውን በቁርጥ፣ አርማታውን በሜትር ኩብ፣ ግንቡንና ልስኑን በካሬ አደረግን። ሁለት ገጽ ውል ጽፌ አስፈረምኩ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ምንም ያመለጠኝ አልመሰለኝም።

ኅዳር 28

ያመለጠኝ ከመሬት ሥር ነበር።

ኢንጂነሯ ንድፉ ላይ ቁፋሮ 1.50 ሜትር ብላ ጽፋለች፣ ከጎኑ "ጥሩ መሬት እስኪገኝ" የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለ። እኔ ያነበብኩት ቁጥሩን ብቻ ነው። ዛሬ አንድ ተኩል ላይ ደርሰው ገና ጥቁር አፈር ነው። መረሬ። ኢንጂነሯ ጉድጓድ ውስጥ ወርዳ በእጇ ጨበጥ አድርጋ አሸችው፣ እጇ ላይ እንደ ሊጥ ተጣበቀ። "ቀጥሉ" ብላ ወጣች።

የአድአ አፈር ጤፍ ይወዳል፤ ያን ሁሉም ያውቃል። ለጤፍ የተመቸ ግን ለቤት አይመችም። መረሬ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ላዩ ላይ የተቀመጠ ቤት በየዓመቱ አንዴ ይነሣል አንዴ ይቀመጣል። ሁሉም ጥግ እኩል ቢነሣ ችግር የለም ነበር፤ እኩል አይነሣም። ግድግዳው በሰያፍ የሚሰነጠቀው ለዚያ ነው።

"የእማዬ ጭቃ ቤት ታዲያ እንዴት ይህን ሁሉ ዓመት ቆመ?" ብዬ ካቦውን ጠየቅሁት። "እሱ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይተነፍሳል። ጭቃ ሲሰነጠቅ ይመረጋል። ብሎኬት ሲሰነጠቅ ይለቀሳል" አለኝ።

2.20 ላይ አመድማ ጠንካራ መሬት ተገኘ። ዘጠኝ ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ 70 ሳንቲ ተጨማሪ። በቁርጥ የተስማማነው ለ1.50 ነበር። ከአንድ ትንሽ ጽሑፍ የተነሣ የቁፋሮው ሒሳብ በግማሽ ጨመረ። ደብተሬ ላይ በቀይ ጻፍኩት።

ታኅሣሥ 5

ሊን። ጉድጓዱ ሥር የሚነጠፍ አምስት ሳንቲ ያህል ቀጭን አርማታ ነው። ሲሚንቶው ጥቂት ነው፣ ክብደት አይሸከምም። "ታዲያ ለምን?" አልኩ፣ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ። ፌሮው አፈር ላይ እንዳይተኛና ልኩ በንጹሕ ላይ እንዲሰመር ነው። አፈር የነካ ፌሮ ይዝጋል፣ የዛገ ፌሮ ያብጣል፣ ያበጠ ፌሮ አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ከፈልኩ።

ማዕዘኑን ሲያሰምሩ ደግሞ በክር ብቻ ነው። በአንዱ ክር 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት አደረጉ። በሁለቱ ምልክቶች መሐል ልክ 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ትምህርት ቤት ስንቱን ዓመት ስማረው እንዲህ ጠቃሚ መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

ታኅሣሥ 12

የፌሮ ቀን። ይህን ቀን አልረሳውም።

ፌሮ የሚሸጠው በቤርጋ ነው። አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ዘንግ ነው፤ ለጭነት እንዲመች መሐሉ ላይ ታጥፎ ይመጣል። "12 ቁጥር" ሲባል ውፍረቱ 12 ሚሊ ማለት ነው። ለኮለን 14፣ ለእግሩ 12፣ ለስታፋ 8 ታዝዞልኛል። ኮለን ቋሚው ነው፤ ስታፋ ፌሮዎቹን የሚያቅፈው ቀለበት። እግሩ የምለው ኢንጂነሯ ፉቲንግ የምትለውን ነው፣ ኮለኑ መሬት ላይ የሚረግጥበትን።

ዕቃው ሲራገፍ ፌራዮው አንዱን አንሥቶ ፊቱን ቋጠረ። ፌራዮ ፌሮ ቆራጭና አጣፊ ነው። "ይሄ 12 አይደለም" አለ። ፋክቱሩ ላይ 12 ይላል። ዘንጉም ላይ 12 የሚል አለ። እሱ ግን "ሚዛን ላይ አውጪው" አለኝ።

ኢንጂነሯ በስልክ ሒሳቡን ሰጠችኝ፦ ቁጥሩን በራሱ አባዢ፣ ለ162 አካፍዪ። የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይመጣል። 12 ሲባዛ በ12፣ 144። ሲካፈል ለ162፣ 0.89 ገደማ። በ12 ሜትር ሲባዛ አንድ ቤርጋ 10.7 ኪሎ አካባቢ መሆን አለበት። ሦስት ቤርጋ እንደገና አጣጥፈን በጋሪ ወፍጮ ቤት ወሰድን። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ጤፍ የጠበቁትን ሴትዮዎች አስቁሞ መዘነልን። ሦስቱ አንድ ላይ 28 ኪሎ ከ200። አንዱ 9.4 ኪሎ። ወደ ውፍረት ሲመለስ 11.3 ሚሊ እንኳ አይሞላም።

ትንሽ ይመስላል። ግን ብረቱ ከመቶ 12 እጅ ጎደለ ማለት ነው፤ ዋጋው ደግሞ የሙሉ ነው። ሻጩ ጋ ስሄድ "ሁሉም እንዲህ ነው የሚመጣው፣ እህቴ" አለኝ። "እንግዲያው ክፍያውም እንዲህ ይሁን" ብዬ የሚዛኑን ወረቀት አሳየሁት። ከብዙ ክርክር በኋላ መለሰልኝ። የጋሪው ሁለት ጊዜ ከእኔ ኪስ ወጣ።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል ነው። ሳይት ላይ ማንም የለም፣ እኔም ሥራ የለኝም። ቁጭ ብዬ የሰሞኑን ቃላት አየሁ።

ግማሾቹ ጣልያንኛ ናቸው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሄደ፣ ቃሉ ግን አርማታ ውስጥ ቀረ። ፌሮ ብረት ነው። ካቦ ራስ፣ አለቃ። ብሎኬት ትንሽ ብሎክ። ባሬላ ሁለት ሰው ተሸክሞ አርማታ የሚያመላልስበት፤ የእነሱ ሐኪም ቤትም በሽተኛ የሚወሰድበት ስሙ ይኸው ነው። በጣም የወደድኩት ስታፋ ነው። የኮለኑን ረጃጅም ፌሮዎች በየ15 ወይም 20 ሳንቲው እንደ ቀለበት የሚያቅፈው ነው። ትርጉሙ እርካብ። የፈረስ እርካብ። እንግሊዝኛውም እርካብ ነው የሚለው። ሁለቱም አንድ ነገር አይተዋል፤ እኛ ቃሉን ስንወስድ ፈረሱ ቀረ።

እንግሊዝኛው ደግሞ በኢንጂነሮቹ በኩል ገባ፦ ቢም (አግድም ተሸካሚው)፣ ኮለን፣ ስላብ፣ ፊኒሺንግ። አማርኛው ግንበኞቹ እጅ ላይ ነው፦ ቱንቢ፣ ውሃ ልክ፣ ካስማ፣ መቃን፣ ጉበን፣ አሸንዳ። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስቱም ይመጣሉ። "ኮለኑን በቱንቢ እየው፣ ስታፋው ጠቧል።" እንዲህ ሲባል ማንም አይደናገርም፣ ከእኔ በቀር።

ታኅሣሥ 26

ሙሌት። የዘጠኙ እግር አርማታ ዛሬ ነበር። ጾም ስለሆነ በግ የለም፤ እማዬ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሁለት ድስት ሽሮ ሠራች።

ኢንጂነሯ በፊት ሒሳቡን ልካልኝ ነበር። አንዱ እግር 1.20 በ1.20 በ30 ሳንቲ፣ ዘጠኙ ወደ 3.9 ሜትር ኩብ። በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ። "14 ኩንታል ይበቃሻል" አለችኝ። እኔ 14 ከረጢት አዘዝኩ።

አንድ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። ኩንታል 100። በሥራ ቦታዬ ሰው ሦስት ብር ሲያሳስት የማገኝ ሴት፣ ግማሹን ሲሚንቶ ረሳሁት።

አራቱን እግር ጨርሰን አምስተኛው ሊጀመር ሲል ካቦው ባዶ ከረጢቶቹን ቆጠረ። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ሥራውን አስቆመ። እግዚአብሔር ይስጠው፤ አምስተኛው ቢጀመርና መሐል ላይ ቢቆም ኖሮ የጠነከረው ላይ አዲስ ሲደፋ አይዋሐድም። ኮልድ ጆይንት ይሉታል፤ እኔ የሚታይ ስፌት እለዋለሁ። ባጃጅ ይዤ ከተማውን ዞርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመንገድ ዳር ዋጋ። ሃያ ሠራተኛ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቀኝ፣ ሽሮውንም ያኔ ጨረሱት።

ሲሚንቶም ዓይነት አለው። ለእግር፣ ለኮለንና ለቢም ኦፒሲ ነው የታዘዘው፣ ቶሎ ይጠነክራል። ለግንብና ለልስን ፒፒሲ። ዛሬ በጭንቅ ላይ የመጀመሪያው ሱቅ ፒፒሲ ሊሰጠኝ ነበር። ከረጢቱን አንብቤ ተመለስኩ። ይህን ያህል ተምሬያለሁ።

አለካኩ በሣጥን ነው። 50 በ40 በ18 ሳንቲ የሆነ የእንጨት ሣጥን፤ አንዱ ሙሌት ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይቀራረባል። ለሲ 25 አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ ሦስት ሣጥን ጠጠር። ሲ 25 ማለት በ28 ቀኑ አንዷ ካሬ ሳንቲ ላይ ሁለት ኩንታል ተኩል ገደማ ቢጫንበት የሚችል አርማታ ነው። ሣጥኑ አያጣላም፤ የሚያጣላው ውሃው ነው። ውሃ ሲበዛ አርማታው ለመግፋት ይቀላል፣ ሲደርቅ ግን ይደክማል። ልጆቹ ኢንጂነሯ ዞር ስትል ጀሪካን ያነሣሉ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የእኔ ሥራ ጀሪካኑ ላይ መቀመጥ ሆነ። በእውነት ተቀመጥኩበት።

ጥር 3

እማዬ ጠዋትና ማታ አርማታውን ታጠጣለች። አሮጌ ጆንያ አልብሳዋለች። ኪዩሪንግ ይሉታል። እኔ አርማታ የሚጠነክረው ሲደርቅ ይመስለኝ ነበር። ሲሚንቶ ግን ከውሃ ጋር እየተዋሐደ ነው የሚጠነክረው፤ ቶሎ ከደረቀ ሥራውን ሳይጨርስ ይቆማል። ቢያንስ ሰባት ቀን። ልጆቹ "ማዘር፣ ይበቃዋል" ሲሏት አልሰማም አለች። ቡና ችግኝ አድርጋ ይዛዋለች።

ጥር 24

ኮለኖቹ ከመሬት ወጡ። የመሠረቱ ግንብ በጥርብ ድንጋይ ተሠራ፣ ግሬድ ቢሙ፣ መሬት ደረጃ ላይ ያለው አግድም አርማታ፣ ዙሪያውን አሰረው። መሐሉ ላይ የወጣውን መረሬ መልሰው ሊሞሉበት ነበር፤ "ነጻ አፈር እያለ" ብለው። አይሆንም። ገረጋንቲ፣ ማለትም የማያብጥ የሙሌት አፈር፣ በመኪና አስመጣን፣ በየ20 ሳንቲው ውሃ እየጠጣ ተደበደበ፣ ከላዩ ድንጋይ ተደረደረ። መረሬውን የወሰደልን አትክልት ያላቸው ጎረቤት ናቸው። ቀይ ሥር እንደሚያመጡልን ቃል ገብተዋል።

የካቲት 8

ዛሬ ሳይት አልሄድኩም፤ ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ያዘኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በግንባታ ላይ ያለ አፓርታማ ከገዛ ዓመት ሆኖታል። የማን እንደሆነ አልጽፍም። ፕላኑን በቴሌግራም ላከልኝና "አንቺ አሁን ባለሙያ ነሽ፣ ሳሎኑ ለምን ጠበበኝ?" አለ።

115 ካሬ ነው የከፈለው። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ደመርኩ፣ በረንዳውን ጨምሬ 88 መጣ። 27ቱ የት ገባ? ደረጃው፣ አሳንሰሩ፣ ኮሪደሩና የግድግዳው ውፍረት ውስጥ። 115 ግሮስ ነው፣ 88 ኔት። ሻጩ አልዋሸም፤ ውሉ ላይ "ካሬ" ብቻ ነው የሚለው። ሁለት አፓርታማ በካሬ ዋጋ ሲወዳደር አንዱ በግሮስ ሌላው በኔት ከሆነ ውድድሩ ከንቱ ነው። ውል ከመፈረም በፊት "በሬን ዘግቼ የምቆምበት ስንት ካሬ ነው?" ብሎ መጠየቅና በጽሑፍ ማስገባት።

ቀጥሎ "ሴሚ ፊኒሽድ" የሚለውን ጠየቀኝ። በከፊል ያለቀ ማለት ነው፤ ከፊሉ ግን የትኛው ከፊል ነው? አንዱ ጋ ልስኑ አልቆ ወለሉ ይቀራል። ሌላው ጋ በርም የለም። ዝርዝር ካልተያያዘበት ቃሉ ምንም አይናገርም። እሱ ዝርዝር የለውም።

በመጨረሻ ላጽናናው ብዬ "የኮንዶሚኒየም ዕጣ ከሚጠብቀው ትሻላለህ" አልኩት። ቅር አለው። "የእኔ ኮንዶሚኒየም አይደለም፣ አፓርታማ ነው!" ሳቄ መጣ። እኛ ጋ ኮንዶሚኒየም ሲባል በመንግሥት ተሠርቶ በዕጣ የሚወጣው ቤት ሆኗል። 20/80 ሲባል ነዋሪው 20 እጁን ቆጥቦ ቀሪውን ባንክ ያበድረዋል፤ 40/60ም እንደዚያው። ቃሉ ራሱ ግን የባለቤትነት ዓይነት ነው፦ ቤቱ የግልህ፣ ደረጃውና ጣሪያው የጋራ። በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የሚያወራው ስለዚህ ነው። እሱ እዚያ ቨርጂኒያ የሚኖርበት ራሱ ኮንዶ ይባላል። ይህን ስለው "ካርዴ አለቀ" አለ። በቴሌግራም ነበር የምናወራው።

የካቲት 29

ግድግዳ እየወጣ ነው። ብሎኬት 40 በ20 ነው፤ ከሚጣበቅበት ጋር አንድ ካሬ 12 ተኩል ይበላል። የእኔ ግድግዳ በርና መስኮት ሲቀነስ 98 ካሬ ነው። 1,225። ለሚሰበረው ጨምሬ 1,300 አዘዝኩ። ይህን እንኳ ካቦው ሳይነግረኝ ነው ያወጣሁት፣ ደብተሩን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

እዚህ አካባቢ ብሎኬቱ ከቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ስለሚሠራ ቀላል ነው። የካቦው ፈተና፦ ከወገብ ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ ይገነባል። ላቦራቶሪ አይደለም፣ ግን ከ1,300ው ሰማንያ ያህሉን አስመለሰልኝ።

መጋቢት 20

ጣሪያ። ኢንጂነሯ "ትራሱ መቼ ነው የሚደርሰው?" ስትል እማዬ ከጓዳ "ኧረ ትራስስ ሞልቶኛል፣ ልጄ!" አለች። ይሄኛው ትራስ ቆርቆሮውን የሚሸከመው ባለ ሦስት ማዕዘን እንጨት ነው። በሞራሌና በባሕር ዛፍ አጠና ተሠራ፣ ለምስጥ ተብሎ የተቃጠለ ዘይት ተቀባ። ግቢው ሁሉ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ።

ከዚያ ደብተሬ ላይ ሌላ ቀይ ጽሑፍ። ቆርቆሮ ቤት ሄጄ፣ ከፌሮ በተማርኩት ብልጠት "ትልቁን ቁጥር ስጠኝ" አልኩ። 35 ጌጅ ሰጠኝ፣ በደስታ። ካቦው አንዱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ "ይሄ ቆርቆሮ ነው ወይስ የማስቲካ ወረቀት?" አለኝ። ለካ የፌሮ ቁጥር ሲያድግ ይወፍራል፣ የቆርቆሮ ጌጅ ሲያድግ ይሳሳል! 28 ከ32 ይወፍራል፣ 32 ከ35። ማን እንዲህ እንዳደረገው ባገኘው ደስ ይለኛል። ለውጦ ልዩነቱን አስከፈለኝ።

ሚያዝያ 18

ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያው ቅዳሜ። ልስን አልቆ ሒሳብ ልንዘጋ ተቀመጥን። እኔ 181 ካሬ፣ ካቦው 213። ሜትሩ አንድ ነው፣ ግድግዳው አንድ ነው።

"ባዶውን አልቆጠርኩም" አልኩ። ባዶ የበርና የመስኮት ክፍት ነው።

"ባዶ አይቀነስም" አለ። "የመስኮቱን ዙሪያ የሚለስነው ማነው? ከሜዳው ግድግዳ ይልቅ እሱ ነው ቀን የሚበላው።"

ውሌን አወጣሁ። "በካሬ" ይላል። የእኔው "ካሬ" የአክስቴን ልጅ እንዳደረገው እኔንም አደረገኝ። ኢንጂነሯ አስታረቀችን። ትንንሾቹ መስኮቶች ሳይቀነሱ ይቆጠሩ፣ ትልልቁ ክፍት ተቀንሶ ዙሪያው ለብቻ ይለካ። 197 ላይ ተስማማን። ሁለታችንም ትንሽ ተከፋን፣ ስለዚህ ትክክል ሳይሆን አይቀርም።

ልስኑ ራሱ ሦስት እጅ ነው። ኮለኑና ብሎኬቱ በሚገናኙበት ላይ ከልስኑ በፊት የዶሮ ሽቦ ተመታ፤ ሁለቱ እኩል ስለማይሞቁና እኩል ስለማይቀዘቅዙ ያለ ሽቦ መስመር ያወጣሉ። ስንት ቤት ውስጥ ያንን ቀጥ ያለ ስንጥቅ አይቼ ርኩስ መንፈስ አስመስዬው ኖሬያለሁ።

ግንቦት 16

እማዬ ሴራሚክ አልፈልግም አለች፤ ያዳልጣል። ሊሾ ይሁን። የሲሚንቶ ወለል ነው፣ ስሙ በጣልያንኛ ለስላሳ ማለት ነው። ሽንት ቤቱን ግን ሻካራ አድርገው እንዲጨርሱት ለመንኩ።

እዚያው ሽንት ቤት ጉድ ወጣ። ወለሉ ወደ ሲፎኑ ዘንበል ማለት አለበት፣ ስሎፕ ይሉታል። አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁ። ውሃው ትንሽ አሰበና ወደ ሳሎን ሄደ። የወለል ሠራተኛው ውሃ ልኩን አምጥቶ ለካ፣ ባልዲውንም ራሱ ደግሞ ደፋ፣ ውሃው እንደገና ሳሎን ገባ። ተፈንቅሎ ተሠራ። በውሉ መሠረት በእሱ ኪሳራ፤ ሲሚንቶው ግን የእኔ ነው። የእጅ ዋጋ ማለት ይህም ነው።

ሰኔ 7

ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ጠዋት በመጀመሪያው መኪና መጣሁ። እማዬ ጃንጥላ ይዛ አዲሱን ቤት እየዞረች ነው።

አሸንዳው ደህና ወስዷል። ቁልቁል ቱቦው ግን ውሃውን እዚያው መሠረቱ ሥር ነው የሚተፋው። ዙሪያውን አንድ ሜትር የሚያህል ንጣፍ አፕሮን ይባላል፣ ንድፉ ላይ አለ። ብር ሲያጥረኝ "ለውበት ነው" ብዬ ለመስከረም አሳድሬው ነበር። ለውበት አይደለም። ከዚያ ንጣፍ ውጭ ያለው መረሬ ነው፣ ውሃ ካገኘ ያብጣል።

ለካቦው ደወልኩ። "አልኩሽ እኮ" አላለም፣ ስለዚህ ልቤን ነካው። ሰኞ ሦስት ሰው ይልካል። ሲሚንቶ ሰባት ኩንታል።

"ማለትም 14 ከረጢት" አልኩ።

"ማለትም 14 ከረጢት" አለ።

እስከዚያ እማዬ ቱቦው ሥር ትልቁን የልብስ ሳፋ ደቅናለች። ሲሞላ አብረን እየተሸከምን ለጎረቤት ቀይ ሥር እናጠጣለን።